በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ክበብ እንዴት ተቋቁሞ ዓመቱን ይዘልቃል?

በብዙዎቹ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ በምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የክበባት ዝርዝር ተለጥፎ ይገኛል። የሥነ ዜጋ፣ የቀይ መስቀል፣ የፀረ ኤድስ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሥርዓተ ፆታ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የሳይንስና ሒሳብ፣ የሚኒ ሚዲያ፣ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ የትራፊክ ደኅንነት እያለ የሚቀጥለው ይህ ዝርዝር አንዳንዴ ከ15 በላይ ይደርሳል፤ ከእያንዳንዱ ክበብ ስም አጠገብም የአንድ ተጠሪ መምህር ስም ሰፍሯል። ዝርዝሩን ይዞ ወደ ግቢው ወጥቶ «በዚህ ሳምንት የተሰበሰበው የትኛው ነው?» ብሎ ተማሪዎችን የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ክበብ ስም ብቻ ይሰማል። የቀሩት የሚታወሱት ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ወይም ኢንስፔክሽን መድረሱ ሲነገር ነው። ይህን የምጽፈው ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም፤ በተጠሪነት በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የአራት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ የጻፍኩበት ጊዜ አለ። አራቱም ስብሰባዎች አልተካሄዱም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት እንዳየሁት፣ የዘለቁት ክበቦች ብዙ አባላት የመዘገቡት ወይም በወላጆች ቀን መድረኩን ያደመቁት አልነበሩም። የዘለቁት አንድ የታወቀ ሥራ የነበራቸውና ያንን ሥራ በታወቀ ቀንና ሰዓት ይደጋግሙ የነበሩት ናቸው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራርም ክበብ ለማቋቋም ወይም የሞተውን ለማንሣት የሚያስቡ ተማሪዎችና ተጠሪ መምህራን በዚሁ መንገድ እንዲጀምሩ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ሥራው ከስሙ ይቀድማል

የመጀመሪያው ተግባር ክበቡ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። «አካባቢን መጠበቅ» ዓላማ ሊሆን ይችላል እንጂ ሥራ አይደለም፤ «ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የተተከሉትን 40 ችግኞች እስከ ሰኔ ድረስ ማጠጣትና ማጠር» ግን ሥራ ነው። «የንባብ ባህልን ማሳደግ» የሚለው በመግለጫ ላይ ያምራል፤ «በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ አባል ያነበበውን መጽሐፍ ለ15 ደቂቃ እንዲያስረዳ ማድረግ» የሚለው ግን ረቡዕ ሲደርስ ማን ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። ዓረፍተ ነገሩ በትክክል መጻፉን ለማወቅ «በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ ሰዓት ማን፣ የት፣ ምን ይዞ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። መልስ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ይጻፍ።

በትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተመሳሳይ ክበብ ካለ አዲስ ከማቋቋም ይልቅ በእርሱ ውስጥ መግባት ይሻላል። ሦስት የተዳከሙ ክበቦች ባሉበት ግቢ አራተኛ ማቋቋም ያሉትን ጥቂት ትጉ ተማሪዎች መከፋፈል ይሆናል፤ ትጉህ ተማሪ ደግሞ በየትኛውም ትምህርት ቤት ያው አንድ ልጅ ነው፤ የሚኒ ሚዲያው አንባቢ፣ የሥነ ጽሑፉ ሰብሳቢና የተማሪዎች ፓርላማ አባል ሆኖ የሚገኘው እርሱው ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ በሰብሳቢነት ከአንድ ክበብ በላይ እንዳይዝ ከመጀመሪያው መወሰን ይገባል።

ሥራው ከተለየ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ መሥራች ተማሪዎች አንድ ገጽ ማመልከቻ ያዘጋጃሉ። በገጹ ላይ የክበቡ ስም፣ ከላይ የተባለው ዓረፍተ ነገር፣ የሚሰበሰቡበት ቀንና ሰዓት፣ የሚፈልጉት ቦታና ዕቃ፣ እንዲሁም ተጠሪ ሊሆን የተስማማው መምህር ስም ይሰፍራል። በትምህርት አስተዳደር ቋንቋ ክበባት የሚታወቁት «ተጓዳኝ ትምህርት» በሚለው ስም ስለሆነ ማመልከቻው ለተጓዳኝ ትምህርት አስተባባሪው፣ አስተባባሪ በሌለበትም ለምክትል ርእሰ መምህሩ ይቀርባል። መምህሩን አስቀድሞ አነጋግሮ መሄድ ብዙ ድካም ያስቀራል፤ አስተዳደሩ በዕጣ የሚመድበው ተጠሪ ሥራውን የሚያየው ለአፈጻጸም ምዘና ነጥብ ሲል ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ተጠሪ ሲመረጥ የትምህርቱ ዓይነት ከሰውየው ጠባይ የሚበልጥ ክብደት ሊሰጠው አይገባም። የባዮሎጂ መምህር የግድ የአካባቢ ጥበቃን፣ የአማርኛ መምህርት የግድ የሥነ ጽሑፍን ይያዙ የሚል ሕግ የለም። ከማውቃቸው የሥነ ጽሑፍ ክበብ ተጠሪዎች ሁሉ የተሻሉት የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ ግጥም አይጽፉም፣ ግን ረቡዕ ቀርተው አያውቁም።

በፈረቃ ትምህርት ቤት ሰዓትና ቦታ ማግኘት

ክበቦችን ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው የሰዓት ጉዳይ ነው። ተማሪው በዝቶ ክፍል ባነሰበት ትምህርት ቤት ትምህርት በሁለት ፈረቃ ይሰጣል፤ የጠዋቱ ፈረቃ እኩለ ቀን ገደማ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል። የጠዋት ተማሪ ከሰዓት ሲሰበሰብ ክፍሎቹ ተይዘዋል፤ የከሰዓት ተማሪ ደግሞ ለክበብ ሲል ጠዋት መጥቶ እስከ ፈረቃው ድረስ ምሳ ሳይበላ መቆየት ይኖርበታል። ሁለቱን ፈረቃ አንድ ላይ ለመሰብሰብ የሚደረግ ሙከራ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ቅዳሜን መምረጥም የገበያ ቀን በሆነበት ከተማ ለብዙ ልጆች፣ በተለይም ለሴቶች ልጆች፣ የማይታሰብ ነው።

የሚሠራው መላ ክበቡን በየፈረቃው በሁለት ቡድን ከፍሎ አንድ ዓይነት ሥራ መስጠትና ሁለቱ ሰብሳቢዎች በፈረቃ መለዋወጫው ሰዓት ለአሥር ደቂቃ ተገናኝተው ማስታወሻ ደብተሩን እንዲረካከቡ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከፈረቃው መጨረሻ በኋላ ለ45 ደቂቃ ብቻ ይቀመጥ። ክፍል ካልተገኘ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ሙከራው ወይም ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚጥል አንድ ዛፍ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ቦታው እንዳይለዋወጥ ነው። የክበቡ ቦታ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠፉት አዲሶቹ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ግቢውንም ሰዉንም ገና አያውቁም፣ ደፍረውም አይጠይቁም።

ሴት ተማሪዎች የማይመጡበት ክበብ ካለ ምክንያቱን ከፍላጎት ማጣት ከመፈለግ በፊት ሰዓቱን መመልከት ያስፈልጋል። ከትምህርት ስትመለስ ውኃ የምትቀዳና እራት የምታዘጋጅ ልጅ ለ45 ደቂቃ መዘግየቷ በቤት ውስጥ ጥያቄ ያስነሣል፤ ሲመሽም መንገዱ ያሰጋታል። ስብሰባውን በረጅሙ ዕረፍት ማድረግ ወይም ትምህርት ቤቱ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ የክበብ ፔሬድ እንዲመድብ መጠየቅ በአንዳንድ ቦታ የተሳታፊውን ዓይነት ፈጽሞ ሲለውጥ አይቻለሁ። ተጠሪ መምህሩ የፈረሙበት ቀኑንና ሰዓቱን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ለወላጅ መላክም ይረዳል፤ «ክበብ ነበረኝ» የሚለው የልጅቱ ቃል በማኅተም ሲደገፍ በቤት ውስጥ ሌላ ክብደት ያገኛል።

የ45 ደቂቃውን ስብሰባ በሦስት መክፈል ይጠቅማል፤ 5 ደቂቃ ለስም ጥሪና ያለፈው ሳምንት ሥራ መፈጸሙን ለማየት፣ 30 ደቂቃ ለሥራው ለራሱ፣ 10 ደቂቃ ለሚቀጥለው ሳምንት ማን ምን እንደሚይዝ ለማከፋፈል። ስለ ክበቡ ዓላማ የሚደረግ ንግግር በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ውስጥ ቦታ የለውም። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ንግግር ሲሰማ ነው የዋለው።

ደንብና ምርጫ

መተዳደሪያ ደንቡ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ እመክራለሁ። ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ማን እንደሆኑና ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግሉ፣ አንድ አባል ስንት ጊዜ ያለ ምክንያት ከቀረ ከዝርዝር እንደሚወጣ፣ ገንዘብ በማን ፊርማ እንደሚወጣ ከሰፈረ ይበቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖና ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ተደንግጓልና፣ ክበቡም በስብሰባውም ሆነ በመድረኩ ላይ ከሁለቱ የራቀ መሆኑ በደንቡ ላይ በግልጽ ቢጻፍ በኋላ የሚመጣ ጭቅጭቅን ያስቀራል።

ክበቡ አዲስ ሲሆን የመጀመሪያው ምርጫ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት፣ አባላቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አብረው ከሠሩ በኋላ ቢደረግ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚደረግ ምርጫ ድምፁ ጎላ ያለውንና በመልክ የሚታወቀውን ያስመርጣል፤ ከሁለት ሳምንት ሥራ በኋላ ግን ባልዲ የተሸከመችው ማን እንደሆነች ሁሉም አይቷል። ሰብሳቢው የ11ኛ፣ ምክትሉ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቢሆኑ ይመረጣል። የ12ኛ ክፍል ተማሪን ሰብሳቢ ማድረግ ድሮ የተለመደ ነበር፤ ብሔራዊ ፈተናው ከ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረና በዚያው ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ ግን ከየካቲት በኋላ የ12ኛ ክፍል ተማሪን ከጥናቱ ላይ ለክበብ መጥራት አግባብ አይመስለኝም። በአማካሪነት፣ ሲመቻቸው የሚመጡ ታላላቅ ሆነው ቢቆዩ ይበቃል።

የአባላት ብዛትን በተመለከተ፣ በአንድ ፈረቃ ከ20 እስከ 25 ተማሪ ለሥራ የተመቸ ነው። በመስከረም 120 ስም መመዝገብ በሪፖርት ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ሥራ ያልተሰጠው ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል፣ የእርሱ መቅረትም የቀሩትን ልብ ያቀዘቅዛል። ብዙዎቻችን ተማሪዎችን በአንድ መሪ ሥር አምስት አምስት አድርጎ ያቧድን የነበረው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት በወረቀት እንዴት ሰፍቶ በተግባር እንዴት እንደሳሳ ስለምናስታውስ፣ በቁጥር መደሰትን ብንጠረጥር አይፈረድብንም።

ሥራው በየክበቡ ምን ይመስላል?

ሚኒ ሚዲያ ከሁሉም ክበቦች ይልቅ በየቀኑ የሚሰማ ስለሆነ ከሁሉም በላይ ዝግጅት ይጠይቃል። አንድ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ሞንታርቦና አንድ ማይክ ያለው ትምህርት ቤት ሥራውን መጀመር ይችላል። የተለመደው ስሕተት በዕረፍት ሰዓት ሙዚቃ ከፍቶ በመሐል ማስታወቂያ ማንበብ ነው። ለ15 ደቂቃ ዕረፍት የሚሆን ዝግጅት እንዲህ ሊደረደር ይችላል፤ 1 ደቂቃ ሰላምታና የዕለቱ ርእስ፣ 3 ደቂቃ ከአስተዳደሩ የመጡ ማስታወቂያዎች፣ 5 ደቂቃ ዋናው ጽሑፍ ወይም ቃለ ምልልስ፣ 2 ደቂቃ የጠፉና የተገኙ ዕቃዎች፣ የቀረው ሙዚቃ። የጠፉ ዕቃዎችን ክፍል መናቅ አይገባም። ካልኩሌተሩ የጠፋበት ልጅ ከሁሉም አድማጭ ይበልጥ በጥሞና የሚሰማው እርሱን ነውና።

ማንኛውም ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ባለው ቀን በጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ ጮክ ተብሎ ተነቦና በሰዓት ተለክቶ፣ በተጠሪ መምህሩ ይታያል። ይህ የሚደረገው ተማሪውን ለማፈን አይደለም፤ አንድ በቀልድ የተጻፈ የፍቅር መልእክት የአንዲትን ልጅ ስም ጠርቶ በሺህ ተማሪ ፊት ቢነበብ የሚደርሰው ጉዳት በይቅርታ የሚመለስ ስላልሆነ ነው። አንባቢዎች በየሳምንቱ ይፈራረቁ፤ ተማሪዎቹ በርከት ያሉ ቋንቋዎች በሚናገሩበት ትምህርት ቤትም ዝግጅቱ በእነዚያ ቋንቋዎች በየተራ ቢቀርብ አድማጩ ይበዛል። መብራት የሚጠፋበት ቀን የማይቀር ስለሆነ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ ወይም ቢያንስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ የግድግዳ ጋዜጣ ተዘጋጅቶ ይቆይ።

የቀይ መስቀል ክበብ የተማሪዎቹን ሕይወት በቀጥታ የሚነካ ሥራ ሊሠራ የሚችል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ በሰልፍና በባጅ ይወሰናል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዋና ሙያው የተጎዳን ማንሣት ነውና የትምህርት ቤቱም ክበብ ከዚያው ቢጀምር ይገባል። በአቅራቢያው ወዳለው የማኅበሩ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በርእሰ መምህሩ ፊርማ ደብዳቤ ተጽፎ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና እንዲሰጥ ይጠየቃል። ከሥልጠናው በኋላ አባላቱ በየክፍሉ እየገቡ አንድ አንድ ነገር ያሳያሉ። ነስር የፈሰሰውን ልጅ ራሱን ወደ ኋላ ማጋደል የለመድነው ስሕተት ነው፤ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ጎንበስ ማለት፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ሳይለቁ ለ10 ደቂቃ ቆንጥጦ መያዝና በአፍ መተንፈስ ይኖርበታል። የሚጥል በሽታ የተነሣበትን ተማሪ ክብሪት ለኩሶ ማሽተትም እንዲሁ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። በዙሪያው ያለውን ጠንካራ ነገር ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ሹራብ ማድረግ፣ በአፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት ነው የሚያስፈልገው፤ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ደግሞ ለአምቡላንስ መደወል ይገባል። የማኅበሩ የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 መሆኑን በየክፍሉ በር ላይ መጻፍ ብቻውን ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ሥራ ነው።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግሩ የወቅት ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየትምህርት ቤቱ በክረምት ብዙ ችግኝ ተተክሏል፤ ተማሪው ግን በክረምት የለም፣ ሲመለስም ዝናቡ ሊያበቃ ነው። ስለዚህ የክበቡ እውነተኛ ሥራ መትከል ሳይሆን ከጥቅምት እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ያለውን ደረቅ ወራት ማሻገር ነው። ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት ይጠቅማል፤ 40 ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ሊትር ቢጠጣ 400 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 20 ጀሪካን በየሳምንቱ ያስፈልጋል። ሃያ አባላት ካሉ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ጀሪካንና ሁለት ችግኝ ይደርሰዋል። ይህን ውኃ ማግኘት ካልተቻለ የሚጠበቀውን ችግኝ ቁጥር መቀነስ እንጂ ሁሉንም በጥቂቱ ማርጠብ አያዋጣም። ባዶ ሃይላንድ ጠርሙስ ከታች በመርፌ ተበስቶ ከሥሩ አጠገብ ቢቀበር ውኃውን ቀስ እያለ ስለሚያንጠባጥብ ይቆጥባል። ፍየልና በግ ወደ ግቢ የሚገቡ ከሆነ ደግሞ ከውኃው በፊት የእሾህ አጥር ይቅደም። በየወሩ መጨረሻ በሕይወት ያሉት ችግኞች ተቆጥረው ቁጥሩ በማስታወሻ ደብተሩ ይመዝገብ፤ ሪፖርት ላይ «የተተከለ» ከሚለው ይልቅ «የጸደቀ» የሚለው ቁጥር ይጻፍ።

ስፖርት ክበቡ የክፍል ለክፍል ግጥሚያ ሲያዘጋጅ ከሜዳና ከጊዜ አንጻር ማስላት አለበት። 8 ክፍሎች ሁሉም ከሁሉም ቢጋጠሙ 28 ጨዋታ ይሆናል፤ ይህን አንድ ወሰነ ትምህርት ላያዳርሰው ይችላል። በጥሎ ማለፍ ቢሆን 7 ጨዋታ ይበቃል፣ ግን ግማሾቹ ቡድኖች አንድ ጊዜ ተጫውተው ይቀራሉ። በሁለት ምድብ አራት አራት አድርጎ መክፈል 12 የምድብ፣ 2 የግማሽ ፍጻሜና 1 የፍጻሜ፣ በድምሩ 15 ጨዋታ ስለሚሆን በሳምንት ሁለት ጨዋታ በስምንት ሳምንት ያልቃል። የሴቶች ቮሊቦል በዚያው ሳምንት በዚያው ሜዳ ተራ ይኑረው፤ «ሜዳው ሲለቀቅ» የተባለ ጨዋታ አይደረግምና።

የሥነ ጽሑፍ ክበብ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። አባላቱ ከአያቶቻቸው አንድ አንድ እንቆቅልሽ ወይም ተረትና ምሳሌ ይዘው መጥተው ከትርጉሙና ከተሰማበት አካባቢ ስም ጋር በአንድ ደብተር እንዲጽፉ ማድረግ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ግጥም ጽፎ ለማንበብ የሚያፍር ልጅ እንኳ «እንቆቅልሽ» ብሎ ለመጠየቅ አያፍርም። የራስን ጽሑፍ የማንበብ ተራ ሲደርስ አድማጮች «ጥሩ ነው» ከማለት ይልቅ በጆሯቸው የቀረውን አንድ ስንኝ እንዲደግሙ ይጠየቁ። ጭውውት የሚያዘጋጁ ከሆነ ከ12 ደቂቃ አይለፍ፤ ከገጠር መጥታ በከተማ የምትጠፋዋን ልጅ ታሪክ ግን፣ እኔን ከጠየቁኝ፣ ለጥቂት ዓመታት ቢያሳርፏት ደስ ይለኛል።

የልጃገረዶች ክበብ ባለበት ትምህርት ቤት በአንዲት መምህርት ዘንድ የሚቀመጥ የሞዴስ ሣጥን ማዘጋጀት ከብዙ የፓናል ውይይት ይበልጣል። የወሰደችው ልጅ ስሟ አይመዝገብ፣ ብዛቱ ብቻ ይቆጠር።

ስለ ገንዘብ

ክበብ ያለ ገንዘብ መጀመር አለበት፤ ገንዘብ ካልተገኘ የማይጀመር ሥራ ከሆነ ሥራው በትክክል አልተመረጠም። መዋጮ አስፈላጊ ሲሆን በፈቃድ ብቻ የሚከፈልና ርእሰ መምህሩ በጽሑፍ የፈቀዱት ይሁን፤ ያልከፈለ አባል ከሥራው አይገለል። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ገቢ ሆኖ በሒሳብ ክፍሉ መቀመጡ በገንዘብ ያዡ ተማሪ ኪስ ከመቀመጡ እጅግ ይሻላል። ልጁ ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ በ16 ዓመት ልጅ ላይ የማይገባ ሸክም መጫን ስለሆነ ነው። በስጦታ የመጣ ማይክ ወይም ኳስም ቢሆን በንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 (በዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ሲደረግ፣ ተጠሪው ሲቀየር «የማን ነበር?» የሚል ክርክር አይነሣም።

ተማሪዎች ሣጥን ይዘው በየሱቁ እንዲዞሩ ማድረግ መቅረት ያለበት አሠራር ነው። ከአካባቢው ድርጅት ርዳታ ሲፈለግ የሚፈለገው ዕቃ በዓይነትና በቁጥር ተገልጾ፣ በርእሰ መምህሩ ፊርማና በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተጠሪ መምህሩ ራሳቸው ይዘውት ይሂዱ። «ለክበባችን ድጋፍ» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «ሁለት የቮሊቦል ኳስና አንድ መረብ» የሚለው ቶሎ መልስ ያገኛል። ወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱንም ማሳወቅ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከኅብረቱ አባላት መካከል አናጢ፣ ልብስ ሰፊ ወይም ኤሌክትሪሲያን አይጠፋም፤ የአንዱ የግማሽ ቀን ሥራ ከመዋጮው ሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

ቴሌግራምና ከግቢ ውጭ የሚደረግ ጉዞ

ብዙ ክበቦች አሁን መልእክት የሚለዋወጡት በቴሌግራም ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስልክ የሌላቸው አባላት ሁልጊዜ ስላሉ በቴሌግራም የተነገረ ሁሉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ይለጠፍ። ቡድኑን ተጠሪ መምህሩና አንድ ሌላ መምህር አብረው ይቆጣጠሩት፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መልእክት አይላክበት፤ የተማሪ ፎቶግራፍ ያለ ራሱና ያለ ወላጁ ፈቃድ አይለጠፍበት። መምህር ከአንድ ተማሪ ጋር ለብቻ በሚደረግ የስልክ መልእክት የክበብ ጉዳይ እንዳይጨርስ፣ ዝግ በሆነ ክፍልም ለብቻቸው እንዳይቀመጡ ከመጀመሪያው ቢነገር ለሁለቱም ጥበቃ ነው።

ከግቢ ውጭ ለሚደረግ ጉብኝት ወይም ውድድር የወላጅ ፊርማ ያለበት ወረቀት፣ የተጓዦች ስም ዝርዝር በሁለት ቅጂ፣ ሴት ተማሪዎች ካሉም ሴት መምህርት አብራ መሄዷ የግድ ነው። የመመለሻ ሰዓቱ ሲወሰን የሩቁ ሰፈር ልጅ ቤቷ የምትደርስበት ሰዓት እንጂ መኪናው ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚደርስበት ሰዓት አይቆጠር።

ዓመቱን ማቀድ

በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ክበቦችን የሚጠብቁ ብዙ በዓላት አሉ፤ ጥቅምት በገባ የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ በኅዳር መጨረሻ ሳምንታት የዓለም የኤድስ ቀንና ኅዳር 29 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን፣ ሚያዝያ 30 የቀይ መስቀል ቀን፣ ግንቦት 28 የአካባቢ ጥበቃ ቀን። አንድ ክበብ ሁሉንም ላክብር ካለ ዓመቱ በልምምድና በዲኮር ያልቃል። ከሥራው ጋር የሚገናኘውን አንዱን መርጦ፣ በዚያም ቀን አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ በየሳምንቱ ሲሠራ የቆየውን ቢያሳይ ይሻላል።

ከፈተና በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ በጥርም በሰኔም፣ ስብሰባ አይኑር። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ሰሞን ከሰዓት በኋላ የሚደረግ ከባድ ሥራ ይቀንስ፤ ሻይ ቆሎ የሚቀርብ ከሆነም የሚጾሙ አባላት የሚቀምሱበት ሰዓት ይታሰብ። ዕቅዱ ራሱ ከአራት ዓምድ አይበልጥም፤ ሥራው፣ ወሩ፣ ኃላፊው፣ የሚያስፈልገው ዕቃ። ስም ያልተጻፈበት መስመር ካለ ይሰረዝ፤ «በሁሉም አባላት» ተብሎ የተጻፈ ሥራ በማንም አይሠራም።

ርክክብ

ክበቦች በየመስከረሙ ከዜሮ የሚጀምሩት ርክክብ ስለማይደረግ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ምርጫ በኋላ ተተኪው ሰብሳቢ በሚያዝያ ተመርጦ እስከ ግንቦት መጨረሻ ከነባሩ ጋር አብሮ ይሥራ። የሚረከበው ሦስት ነገር ነው፤ የማስታወሻ ደብተሩ፣ የዕቃው ዝርዝርና የቁም ሣጥኑ ቁልፍ። ነባሩ ሰብሳቢ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ በዓመቱ የተደረጉትን ስብሰባዎች ትክክለኛ ቁጥር፣ ያልተሳካውን ሥራ ከነምክንያቱ፣ ደብዳቤ ሲጻፍላቸው የመለሱትንና ያልመለሱትን መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም በየሳምንቱ ሳይቀሩ የመጡትን የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም ይጻፍ። ተጠሪ መምህሩም ከሥሩ ይፈርሙ፤ ስብሰባው 11 ጊዜ ብቻ ተደርጎ ከሆነ 11 ተብሎ ይጻፍ። ቁልፉ በክረምት በምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ፣ መስከረም ላይ ማን እንደሚወስደው ስሙ በቁልፉ ላይ በታሰረ ወረቀት ተጽፎ።